ሮልባክ ብለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ነበር። ተጠቃሚ የሚቀንስበት ሰዓት ስለሆነ ሆን ብዬ መርጬዋለሁ። ሥራው ቀላል ነበር። በዳታቤዛችን ደንበኞች የሚባለው ቴብል (ሠንጠረዥ) ውስጥ ስልክ ቁጥር የምትይዝ አንዲት ኮለም (ዓምድ) አለች። አንድ ደንበኛ ከአንድ በላይ ስልክ እንዲኖረው ተወሰነና ቁጥሮቹ ወጥተው የራሳቸው ቴብል ውስጥ እንዲገቡ ተፈለገ። አራት እርምጃ ጻፍኩ። መጀመሪያ ስልኮች የሚባል አዲስ ቴብል መፍጠር። ቀጥሎ ቁጥሮቹን ከድሮው ወደ አዲሱ መገልበጥ። ከዚያ የድሮዋን ኮለም መጣል። በመጨረሻ አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ እንዳይገባ አዲሱ ቴብል ላይ የዩኒክ ገደብ ማስቀመጥ።

ከላይ «ስታርት ትራንዛክሽን» (ጀምር)፣ ከታች «ኮሚት» (አጽና) ጨመርኩበት። አንዱ ከተበላሸ ሁሉም ይመለሳል ብዬ ነው። ትራንዛክሽን ማለት ይኸው አይደል? ወይ ሁሉም፣ ወይ ምንም።

ሦስቱ እርምጃዎች ያለ ምንም ኮሽታ አለፉ። አራተኛው ላይ ኤረር መጣ። ለካ ሁለት ደንበኞች በአንድ ቁጥር ተመዝግበዋል። ባልና ሚስት ይሁኑ፣ አባትና ልጅ ይሁኑ እንጃ። አልደነገጥኩም። እንዲህ ላለው ቀን አይደል ትራንዛክሽን ያስቀመጥኩት። ዘና ብዬ «ሮልባክ» (ሁሉንም መልስ) ጻፍኩና ኢንተር ተጫንኩ። ዳታቤዙም በትህትና መለሰልኝ፦ «ኩዌሪ ኦኬ፣ 0 ሮውስ አፌክትድ»፤ ትእዛዙ ተፈጽሟል፣ የተነካ ረድፍ ዜሮ።

ያቺን ዜሮ ሳያት ነው ሆዴ የተገላበጠው። ቴብሎቹን ዘርዝርልኝ አልኩት። ስልኮች የሚባለው አዲሱ ቴብል ቁጭ ብሏል። የደንበኞችን ቴብል ከፍቼ አየሁ። የስልክ ኮለሟ የለችም። ሎጉ ላይ ደግሞ የድሮው ኮድ የሌለችውን ኮለም እየፈለገ በየሴኮንዱ ይጮሃል። ተረኛ ወደነበረው ባልደረባዬ ደወልኩ።

«ሮልባክ በለዋ!»

«ብዬዋለሁ።»

«እና?»

«ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ።»

ትንሽ ዝም አለ። «ዳታቤዙ ምንድን ነው?»

«ማይኤስኪውኤል።»

በስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። «በል እንግዲህ ቁጭ ብለህ በእጅህ መልሰው» አለኝ።

በእጄ መለስኩት። መጀመሪያ ግን ማይግሬሽኑን (እነዚያን አራት የለውጥ እርምጃዎች) እንደገና ላስኬደው ሞክሬ ነበር። «ስልኮች የሚባል ቴብል አለ» ብሎ አንደኛው እርምጃ ላይ ቆመ። ወደኋላ የሚመልሰውን ስክሪፕት ሞከርኩ። እሱ ደግሞ ያልተፈጠረውን የዩኒክ ገደብ ካላፈረስኩ ብሎ እምቢ አለ። ወደፊትም ወደኋላም የማይሄድ፣ መንገድ መሐል የቆመ ስኪማ (የዳታቤዝ አወቃቀር) ይዤ ቀረሁ። በመጨረሻ ኮለሟን እንደገና ጨመርኩና በደንበኛው መለያ ቁጥር እያመሳከርኩ ስልኮቹን ከአዲሱ ቴብል መልሼ ገለበጥኩ። አርባ ደቂቃ ፈጀ። ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የኔ ነው። የመመሪያው ገጽ ላይ በግልጽ ተጽፏል። ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

የተጻፈው ምን ነበር? ማይኤስኪውኤል ላይ ቴብል የሚፈጥር፣ የሚለውጥ ወይም የሚጥል ትእዛዝ ሲመጣ ዳታቤዙ ሳይጠይቅ ኮሚት ያደርጋል። ስለዚህ እኔ የከፈትኩት ትራንዛክሽን ገና የመጀመሪያው «ክሬት ቴብል» ላይ ነው የሞተው። ከዚያ በኋላ ያለው እርምጃ ሁሉ ትራንዛክሽን በሌለበት ነው የሄደው። ቁጥሮቹ የተገለበጡት በአውቶኮሚት (እያንዳንዱ ትእዛዝ ወዲያው ራሱ በሚጸናበት አሠራር)፣ ለብቻቸው ነው። ኮለሟ የተጣለችውም ለብቻዋ። «ሮልባክ» ስለው የሚመለስ ነገር አልነበረም። «ዜሮ»ዋ ግን ምስክር አይደለችም፤ የሚመለስ ነገር ቢኖርም መልሱ ያው ነው። አልዋሸም። የሚገርመው ነገር፣ ያዳነኝም ይኸው ፀባዩ ነው። ቁጥሮቹ ወዲያውኑ ባይጸኑ ኖሮ የት አገኛቸው ነበር?

ከዚያ ሌሊት በፊት የሠራሁት በሌላ ዳታቤዝ፣ በፖስትግሬስ ነበር። ስለዚህ ሌላ ዓይነት ዓለም መኖሩን አላውቅም ነበር ማለት ይቻላል። ፖስትግሬስ ላይ ይህንኑ ማይግሬሽን ባስኬድ፣ አራተኛው እርምጃ ሲከሽፍ ዳታቤዙ «ትራንዛክሽኑ ተበላሽቷል፣ እስኪያልቅ ድረስ ምንም ትእዛዝ አልቀበልም» ይለኝ ነበር። በዚያ ሁኔታ ላይ ሆነህ በድፍረት «ኮሚት» ብትለው እንኳ የሚመልስልህ ቃል «ሮልባክ» ነው። እውነቴን ነው። አንተ ኮሚት ትጽፋለህ፣ እሱ ሮልባክ ብሎ ይመልሳል። ከዳታቤዝ ጋር ካደረግኳቸው ንግግሮች ሁሉ ይህን የምወደው ይመስለኛል።

ባለፈው አዲስ ለገባች ባልደረባ ይህንን ላሳያት ብዬ ሁለት መስኮት ከፈትኩ። በአንደኛው ትራንዛክሽን ለመክፈት «ቢጊን» አልኩና አንድ መለማመጃ ቴብል ጣልኩ። «ድሮፕ ቴብል» ብሎ አረጋገጠልኝ። በሁለተኛው መስኮት ያንኑ ቴብል ስንት ረድፍ አለህ ብዬ ጠየቅኩት። ዝም። ኤረር የለም፣ መልስ የለም፣ ከርሰሩ ብቻ ብልጭ ድርግም ይላል። እሷም «ተሰቀለ እንዴ?» አለችኝ። አልተሰቀለም፣ የመጀመሪያው መስኮት ምን እንደሚወስን እየጠበቀ ነው። በመጀመሪያው «ሮልባክ» ስል ሁለተኛው ወዲያው የረድፉን ቁጥር አወጣው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። «ኮሚት» ብዬ ቢሆን ኖሮ ደግሞ እንዲህ የሚባል ቴብል የለም ይላት ነበር።

ይህ እንዴት ይቻላል? ለረጅም ጊዜ አንድ ዓይነት ድግምት አድርጌ ነበር የማየው። ነገሩ ግን በጣም ተራ ነው። ቴብል ማለት ዳታቤዙ ዘንድ መዝገብ ላይ የሰፈረ ስም ነው። መዝገቡ ካታሎግ ይባላል። የሪሌሽናል ሞዴልን (ዳታን በቴብል የማደራጀትን ሐሳብ) እ.ኤ.አ. በ1970 ያስተዋወቀው ኤድጋር ኮድ፣ በ1985 አንድ ዳታቤዝ በእውነት ሪሌሽናል ነው ለመባል ማሟላት ያለበትን ሕጎች ሲያወጣ በአራተኛው ላይ ይህንን አስፍሮታል። የዳታቤዙ መግለጫ ራሱ እንደ ማንኛውም ዳታ በቴብል መልክ ይቀመጥ፣ በዚያው ቋንቋም ይጠየቅ ይላል። ፖስትግሬስ ይህን ቃል በቃል ወስዶታል። እያንዳንዱ ቴብል ፒጂ ክላስ በሚባል ቴብል ውስጥ አንድ ረድፍ ነው። እያንዳንዱ ኮለም ፒጂ አትሪቢዩት ውስጥ አንድ ረድፍ ነው። ስለዚህ ኮለም ጨመርኩ ስትል በተግባር የሆነው ነገር አንድ ሌላ ቴብል ውስጥ ረድፍ ማስገባት ነው። ረድፍ ማስገባት ደግሞ መመለስ ይቻላል፤ ዳታቤዝ ከተፈጠረ ጀምሮ የሚሠራው ሥራ ነው።

አመላለሱም ራሱ ደስ ይላል። ፖስትግሬስ ረድፍ ሲለውጥ የድሮውን አይሰርዝም። አዲስ ቅጂ አጠገቡ ያስቀምጥና የጻፈውን ትራንዛክሽን ቁጥር ይለጥፍበታል። ሮልባክ ስትለው እየዞረ የሚያጸዳው ነገር የለም። «ቁጥሩ ይህ የሆነው ትራንዛክሽን ከሽፏል» ብሎ አንድ ቦታ ምልክት ያደርጋል፣ በቃ። ከዚያ ወዲህ ያንን ቁጥር የያዘ ረድፍ ለማንም አይታይም። ኮለም መጣልም እንደዚያው ነው። ኮለሟ ከዲስክ ላይ አትነቀልም፤ ተጥላለች ተብሎ ምልክት ይደረግባታል። በነገራችን ላይ አንድ የፖስትግሬስ ቴብል ከ1600 በላይ ኮለም መያዝ አይችልም፤ የተጣሉትም ከቁጥሩ አይወጡም። ኮለም እየጨመረ እየጣለ የሚኖር ስክሪፕት ካለህ አንድ ቀን ሃያ ኮለም ብቻ ያለው ቴብል «ሞልቻለሁ» ሊልህ ይችላል።

ፋይሎቹስ? ቴብል እኮ በዲስክ ላይ ፋይል አለው። እዚህ ላይ ትንሽ ብልጠት አለ። አዲስ ቴብል ስትፈጥር ፋይሉ ወዲያው ይፈጠራል፤ ትራንዛክሽኑ ከከሸፈ ይጠፋል። ቴብል ስትጥል ደግሞ ፋይሉ እስከ ኮሚት ድረስ አይነካም። ቴብልን ባዶ የሚያደርገው «ትራንኬት» የሚሠራውም በዚሁ ዘዴ ነው። አዲስ ባዶ ፋይል ይፈጥርና መዝገቡ ላይ አድራሻውን ይቀይራል፣ የድሮው ፋይል ኮሚት እስኪባል ይጠብቃል። ዘዴው ፍጹም አይደለም። ሰርቨሩ በትራንዛክሽኑ መሐል ድንገት ከወደቀ የተፈጠረው ፋይል ባለቤት አልባ ሆኖ ዲስኩ ላይ ሊቀር ይችላል። ዳታውን አይጎዳም፣ ቦታ ብቻ ይይዛል።

ኤስኪውላይት የሚባለው ዳታቤዝ ከዚህ በላይ ቀላል ነው። ዳታቤዙ በሙሉ አንድ ፋይል ነው። ስኪማው አንድ ቴብል ውስጥ የተቀመጠ ጽሑፍ ነው፤ አንተ የጻፍከው «ክሬት ቴብል» ከነፊደሉ እዚያ አለ። ፋይሉ ራስጌ ላይ ስኪማ በተቀየረ ቁጥር የሚጨምር አንድ ቁጥር አለ፤ ሌሎች ኮኔክሽኖች እሱን እያዩ ነው መዝገቡን እንደገና የሚያነቡት። ትራንዛክሽኑ ሲመለስ የፋይሉ ገጾች ይመለሳሉ፣ ስኪማውም ቁጥሩም አብረው። ኤስኪውኤል ሰርቨርና ዲቢቱ የሚባሉት ዳታቤዞችም የስኪማ ለውጥን በትራንዛክሽን ውስጥ ይይዛሉ።

ማይኤስኪውኤል ለምን ተለየ? የድሮው አሠራሩን ማየት ይበቃል። የቴብሉ መግለጫ ከዳታው ተነጥሎ ኤፍአርኤም በሚባል ፋይል ውስጥ ይቀመጥ ነበር፣ ለእያንዳንዱ ቴብል አንድ። ዳታውን የሚይዙት ስቶሬጅ ኢንጂኖች ደግሞ ብዙ ነበሩ፤ ማይአይሳም የሚባለው ጭራሽ ትራንዛክሽን የሚባል ነገር አያውቅም። ከላይ ያለው ሰርቨር አንድ መዝገብ ይይዛል፣ ከታች ያለው ኢንጂን ሌላ። ፋይል ደግሞ ሮልባክ አያውቅም። ውጤቱ አስቂኝ የሚመስል ግን የሚያስለቅስ ነገር ነበር። «ሀ እና ለ የተባሉትን ቴብሎች ጣል» ብለህ «ለ» የሚባል ባይኖር፣ ኤረር ይሰጥሃል፤ «ሀ» ግን ተጥሏል። አንድ ትእዛዝ፣ ግማሹ የከሸፈ፣ ግማሹ የተሳካ።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ማይኤስኪውኤል 8.0 ይህንን አስተካከለ። መዝገቡ ኢኖዲቢ ወደሚባለው ትራንዛክሽን አዋቂ ኢንጂን ገባ፣ የኤፍአርኤም ፋይሎችም ቀሩ። አሁን ሁለቱን ቴብሎች ጣል ስትለው አንዱ ከሌለ ሁለቱም አይነኩም። ሰርቨሩ መሐል ላይ ቢወድቅ እንኳ ሲነሳ ወይ ይጨርሰዋል ወይ ይመልሰዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስሙም አቶሚክ ዲዲኤል ነው፤ ዲዲኤል ስኪማ የሚለውጡ ትእዛዞች ናቸው፣ አቶሚክ ማለት ደግሞ የማይከፈል። ስሙ ግን ስንቱን አሳስቷል! እኔንም ሁለተኛ ጊዜ ሊያሳስተኝ ነበር። አቶሚክ የሆነው እያንዳንዱ ትእዛዝ ለብቻው ነው። አራት ትእዛዝ በአንድ ላይ ጠቅልሎ መመለስ ዛሬም አይቻልም። አሁንም በእያንዳንዱ ትእዛዝ ፊት ኮሚት ይደረጋል።

እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ ለጆሮ ይጥማል። መዝገቡ ቴብል ውስጥ ከሆነ ሮልባክ ይቻላል፣ ፋይል ውስጥ ከሆነ አይቻልም። ለወራት ይህንን ለሰው ሁሉ ሳስተምር ከረምኩ። አንድ ቀን ኦራክል በሚባለው ዳታቤዝ ላይ ለረጅም ጊዜ የሠራ ሰው ሰማኝና ሳቀብኝ። «የኦራክል መዝገብ ቴብል ውስጥ አይደለም ወይ?» አለኝ። ነው። ከጥንትም ቴብል ውስጥ ነው። ኦራክል ግን በስኪማ ለውጥ ላይ አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ ኮሚት ያደርጋል። አንዴ ትእዛዙ ከመጀመሩ በፊት፣ አንዴ ካለቀ በኋላ። ይባስ ብሎ ትእዛዙ ሲሠራ ቢከሽፍ እንኳ የፊተኛው ኮሚት አልፏል፤ ከዚያ በፊት የነበረው ያላለቀ ሥራህ ጸንቷል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ስለዚህ መዝገቡን ቴብል ውስጥ ማስቀመጥ መንገዱን ይከፍታል እንጂ አያስገድድም። ቀሪው ምርጫ ነው። የኤስኪውኤል (የዳታቤዞች የጋራ ቋንቋ) ስታንዳርድ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1992ቱ እትም የስኪማ ትእዛዝና የዳታ ትእዛዝ በአንድ ትራንዛክሽን ይቀላቀሉ አይቀላቀሉ የሚለውን ለሠሪዎቹ ትቶታል። ኦራክል የመረጠው መንገድ ጥቅም የለውም አልልም። ስኪማ የነካ ትራንዛክሽን ክፍት ሆኖ ሲቆይ ሌላው ሁሉ እሱን መጠበቅ አለበት። ወዲያው ኮሚት ከተደረገ ማንም አይጠብቅም። ያኔ ይህ ምክንያት ደካማ መሰለኝ። ብዙም ሳይቆይ ትክክለኛ ክብደቱን አየሁት።

እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ ከዚያ ሌሊት በኋላ ወደ ፖስትግሬስ ስመለስ ሁሉንም ነገር ትራንዛክሽን ውስጥ መክተት ጀመርኩ። ረጅም ማይግሬሽን፣ አንድ ቢጊን፣ አንድ ኮሚት። ኮለም ጨምር፣ ያሉትን ረድፎች በሙሉ ሙላ፣ ገደብ አስቀምጥ፣ ኮሚት። መለማመጃው ላይ ሁለት ሴኮንድ ፈጀ። ፕሮዳክሽን (ደንበኞች የሚጠቀሙበት ዋናው ሥርዓት) ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ።

ቴብል የሚለውጠው «አልተር ቴብል» አብዛኛውን ጊዜ የሚወስደው ሎክ (ቁልፍ) አክሰስ ኤክስክሉሲቭ ይባላል። ከሎኮች ሁሉ ጠንካራው ነው። ማንበብ እንኳ አይፈቅድም። ሎኩ ደግሞ የሚለቀቀው ትእዛዙ ሲያልቅ ሳይሆን ትራንዛክሽኑ ሲያልቅ ነው። እኔ ኮለሟን የጨመርኩት በቅጽበት ነው። ከዚያ ግን በዚያው ትራንዛክሽን ውስጥ ረድፎቹን ስሞላ ቴብሉ ተቆልፎ ቆየ። ማንም ማንበብ አልቻለም። ገጹ ነጭ ሆኖ ቀረ። ሮልባክ የማድረግ መብቴን ለማስጠበቅ ብዬ ሥርዓቱን በሙሉ አስቆምኩት።

ይህንን ከተማርኩ በኋላ ለውጡን አሳጠርኩ። አንዲት ኮለም መጨመር ብቻ፣ ምንም ሙሌት የለም፣ ሚሊሴኮንዶች የሚፈጅ ነገር። አሁንም ገጹ ቆመ! ይህኛው ነው ሰው የማይጠብቀው። ለካ አንድ ረጅም ሪፖርት ያንን ቴብል እያነበበ ነበር። አንባቢ ሎኩ ቀላል ነው፤ ሌላ አንባቢን አይከለክልም። የኔ ትእዛዝ ግን ብቻውን መሆን ስለሚፈልግ ሪፖርቱ እስኪያልቅ ቆመ። ክፍሉን ባዶ ካላደረጋችሁልኝ አልገባም የሚል ሰው በር ላይ ቆሟል በለው። ከኋላው የመጡት አንባቢዎች ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ካለው ሰው ጋር ምንም ጠብ የላቸውም፤ ነገር ግን ወረፋው ላይ እሱ ቀድሟቸዋል። አልፈውት መግባት አይችሉም። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ኮኔክሽኖቹ በሙሉ ወረፋ ላይ ተሰለፉ። ገና ምንም ያልሠራ፣ ምንም ሎክ ያልያዘ፣ በመጠበቅ ላይ ብቻ ያለ ትእዛዝ ሁሉንም አገተ።

መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው። ከለውጡ በፊት ሎክ ታይምአውት ሁለት ሴኮንድ ማድረግ። በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ተራ ካላገኘ ራሱን ያነሳል፣ ወረፋው ይለቀቃል፣ ትንሽ ቆይተህ እንደገና ትሞክራለህ። እንዲህ ካልተባለ ፖስትግሬስ ያለ ገደብ ይጠብቃል። ማይኤስኪውኤልም ሜታዳታ ሎክ የሚባል ነገር ስላለው ያው ወረፋ እዚያም ይፈጠራል። እዚያ የተቀመጠው ገደብ ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ? 31,536,000 ሴኮንድ። አስሉት፤ ልክ አንድ ዓመት ነው። ያንን ቁጥር የመረጠው ሰው ቀልደኛ መሆን አለበት።

ረድፍ መሙላቱን ደግሞ ከስኪማ ለውጡ ለይቼ በትንንሽ ጥቅል ማስኬድ ጀመርኩ። አንዳንዴ ከነጭራሹም አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው ፖስትግሬስ 11 ጀምሮ ቋሚ መነሻ ዋጋ ያላት ኮለም ስትጨምር ቴብሉ አይጻፍም። ዋጋው መዝገቡ ላይ አንዴ ይቀመጥና የድሮዎቹ ረድፎች ሲነበቡ ከዚያ ይሞላላቸዋል። ከዚያ በፊት ግን መቶ ሚሊዮን ረድፍ ካለህ መቶ ሚሊዮኑም እንደገና ይጻፍ ነበር፣ ከነሎኩ።

ፖስትግሬስም ቢሆን ሁሉን አይመልስም። ዳታቤዝ መፍጠርና መጣል በትራንዛክሽን ውስጥ አይፈቀድም። ኢነም (አስቀድሞ የተዘረዘሩ ዋጋዎችን ብቻ የሚቀበል ዓይነት) ላይ አዲስ ዋጋ መጨመር እስከ ፖስትግሬስ 12 ድረስ አይፈቀድም ነበር፤ አሁን ይፈቀዳል፣ ግን አዲሱን ዋጋ ከኮሚት በፊት መጠቀም አትችልም። ከሁሉ የሚያጋጥመው ግን ጸሐፊዎችን ሳያስቆም ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፋጥን ማውጫ) የሚሠራው «ኮንከረንትሊ» የሚባለው ነው። ይህ ትእዛዝ ራሱ በውስጡ ከአንድ በላይ ትራንዛክሽን ይከፍትና ይዘጋል። ቴብሉን ሁለት ጊዜ ይቃኛል፣ በመሐል የቆዩ ትራንዛክሽኖች እስኪያልቁ ይጠብቃል። ስለዚህ አንተ ከውጭ ትራንዛክሽን ልትጠቀልልበት አትችልም። ከከሸፈ ደግሞ «ኢንቫሊድ» የሚል ምልክት ያለበት ኢንዴክስ ትቶልህ ይሄዳል። ለኩዌሪ (ለጥያቄ) አይጠቅምም፤ ረድፍ በገባ ቁጥር ግን ይጻፍበታል። ገቢ ሳያስገባ ወጪ የሚያስወጣ። ሄደህ በእጅህ ካልጣልከው እዚያው ይኖራል። ያኔ የማይኤስኪውኤሉን ሌሊት አስታወሰኝ።

እንግዲህ ሁሉም ተስተካከለ እንበል። ትራንዛክሽኑ አጭር ነው፣ ሎኩ ተገድቧል፣ ሮልባኩ ይሠራል። አሁንም አንድ ነገር ይቀራል፤ እኔ ብዙ ቆይቼ የገባኝ ነገር። ዳታቤዙ ስኪማውን በአንዲት ቅጽበት ከድሮ ወደ አዲስ ያሸጋግራል። ኮዱ ግን እንዲህ አይሸጋገርም። አሥር ሰርቨር ላይ ያለ ፕሮግራም ተራ በተራ ነው የሚቀየረው። ለተወሰኑ ደቂቃዎች የድሮውም ኮድ አዲሱም ኮድ በአንድ ዳታቤዝ ላይ ይሠራሉ። የኮለም ስም መቀየር በትራንዛክሽን ውስጥ ቆንጆ ሥራ ነው፤ ከኮሚቱ ማግስት ግን የድሮው ኮድ በሙሉ ይወድቃል። ትራንዛክሽኑ ፍጹም ነበር። የሚከፈለው ግን ከሱ ውጭ ነው።

ይህንን ችግር ፊት ለፊት ተጋፍጠው ያየኋቸው የጉግል መሐንዲሶች ናቸው። ኤፍ1 ለሚባለው ዳታቤዛቸው እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት ላይ የተነሱት ሁሉም ሰርቨሮች በአንድ ጊዜ ስኪማ መቀየር አይችሉም ከሚል ነው። ኢንዴክስ መጨመርን እንይ። አንደኛው ሰርቨር ስለ አዲሱ ኢንዴክስ ያውቃል፣ ሌላው ገና አላወቀም። የሚያውቀው ረድፍ ያስገባል፣ ኢንዴክሱም ላይ ይጽፋል። የማያውቀው ያንኑ ረድፍ ይሰርዛል፤ ኢንዴክስ መኖሩን ስለማያውቅ እዚያ ያለውን አይነካም። አሁን ኢንዴክሱ የሌለ ረድፍ ይጠቁማል። ማንም አልተሳሳተም፣ ዳታው ግን ተበላሽቷል።

መፍትሔያቸውን ሳነብ ከወንበሬ ተነስቼ ዞር ዞር አልኩ። በመሐል ሁለት ደረጃ አስገቡ። መጀመሪያ ኢንዴክሱ «መሰረዝ ብቻ» ይሆናል። ሁሉም ከኢንዴክሱ ላይ መሰረዝን ያውቃል፣ ማንም አይጽፍበትም። ሁሉም ሰርቨር እዚህ ሲደርስ «መጻፍ ብቻ» ይሆናል። ሁሉም ይጽፍበታል፣ ማንም አያነበውም። ከዚያ የድሮዎቹ ረድፎች ይሞላሉ፣ በመጨረሻ ለንባብ ይከፈታል። በማንኛውም ሰዓት ጎን ለጎን የሚሠሩት ሁለት ተከታታይ ደረጃዎች ብቻ ናቸው፤ ሁለት ተከታታይ ደረጃዎች ደግሞ አንዱ የሌላውን ሥራ አያበላሹም። ወይ ሁሉም ወይ ምንም የሚለውን ትተው፣ ሁልጊዜ ግማሽ መንገድ ላይ መሆንን ምንም እንዳይጎዳ አደረጉት።

እኔም በትንሹ እንዲህ ነው የምሠራው አሁን፣ ዳታቤዙ ማንም ይሁን ማን። ስም አልቀይርም፤ አዲስ ኮለም እጨምራለሁ፣ ኮዱ ሁለቱም ላይ እንዲጽፍ አደርጋለሁ፣ ቀስ ብዬ እሞላለሁ፣ ንባቡን ወደ አዲሷ አዞራለሁ፣ ከሳምንት በኋላ የድሮዋን እጥላለሁ። ያ የስልክ ቁጥር ማይግሬሽን በዚህ መንገድ ቢሠራ አምስት ትንንሽ ለውጥ ይሆን ነበር። የተደገመውን ቁጥር ደግሞ ምንም ሳይጣል ገና ሦስተኛው፣ ሙሌቱ ላይ እይዘው ነበር።

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ማይግሬሽን እንድመለከትለት ላከልኝ። ለማይኤስኪውኤል ነው። ከላይ ስታርት ትራንዛክሽን፣ ከታች ኮሚት። ሳቄን ያዝኩና «እቺ ከላይ ያለችው ምን ትሠራለች?» ብዬ ጻፍኩለት።

«ምናልባት አንዱ ከከሸፈ ብዬ ነው» አለኝ።

«አትሠራም እኮ።»

«ብትኖርስ ምን ትጎዳለች?»

ያንን የድሮ ፋይል ፈልጌ ላክሁለት። አራቱ እርምጃዎች፣ ከላይ ከታች የታሠሩ፣ ሥር ላይ ደግሞ በማግስቱ እንቅልፍ ባጣ ዓይን የጻፍኩት ማስታወሻ አለ። ለሩብ ሰዓት ያህል ዝም አለ። ከዚያ የተስተካከለው መጣ። ትራንዛክሽኗ የለችም። እርምጃዎቹ በአራት ፋይል ተከፍለዋል። ኮለም የሚጥለው የመጨረሻው ፋይል ራስጌ ላይ አንዲት መስመር ጨምሯል፦ «ከዚህ በታች መመለሻ የለም። ባክአፑን አይተኸዋል?»

አላየሁትም ነበር። ላየው ሄድኩ።